የቁንጮ ታናሽ እህት

ይድረስ ለምወድህና ለምሳሳልህ አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ አልልህም። በሕይወት እያለህም ስጠይቅህ «ደህና» ብለህ ፊትህን ወደ መስኮቱ ታዞር ነበር፤ አሁን የተሻለ መልስ ይመጣል ብዬ አልጠብቅም። ከተለየኸን እነሆ ዓመት ሞላ። ባለፈው እሑድ ሙት ዓመትህን አወጣን፤ ዳሱ ሞልቶ ሰው እስከ አጥሩ ድረስ ተቀምጦ ነበር። ይህን ሁሉ ሰው የት ታውቀው እንደነበር አንተ ነህ የምታውቀው።

ቤቱ ብዙም አልተለወጠም። ጓሮ ያለው አቮካዶ ቅርንጫፉ ጣሪያውን እየደበደበ ስላስቸገረ አስቆረጥነው። እማዬ ጉልበቷን እያመማትም ቢሆን ገበያ የሚሄድላት ሰው አትፈልግም፤ ራሷ በባጃጅ ሄዳ፣ ከባለ ባጃጁ ጋር በሂሳብ ተጨቃጭቃ፣ ደስ ብሏት ትመለሳለች። ሬዲዮህ አልጋህ አጠገብ እንዳስቀመጥከው አለ። ቡናማ ኮትህን የእማዬ ወንድም ወሰደው። እኔ ተቃውሜ ነበር፣ ማን ሰምቶኝ። ኮትህ በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ሆኖ በመንገድ ሲያልፍ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

አዎ፣ ቅናተኛ ነኝ። የምጽፍልህም ስለዚሁ ቅናቴ ነው። በልጅነቴ በአንተ የተነሳ ያልቀናሁበት የከተማችን የመቱ ልጅ የለም።

የደርግ ዘመን ነው፤ አንተ የቀበሌው ንብረት ኃላፊ ነህ። በሰፈሩ ያለችው አንዲት ቴሌቪዥን የቀበሌው ናት፤ የሳጥኗ ቁልፍ ደግሞ ያንተ ኪስ ውስጥ። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ የልጆች ፕሮግራም ሲደርስ ከየአቅጣጫው ልጁ ሁሉ ጭቃውን እየረገጠ አዳራሹን ይሞላዋል። አንተ እጅህን ታጥበህ መጥተህ ሳጥኑን ስትከፍት የቤተ ክርስቲያን በር የተከፈተ ይመስል ሁሉም ዝም ይላል። ከዚያ ቁንጮ ብቅ ይላል።

ቁንጮን የማያውቅ ሰው ይህን ደብዳቤ ቢያነብ አሻንጉሊት መሆኑን ይወቅ። አናቱ ላይ ቁንጮ ያለው፣ ጥርሱ የወለቀ፣ ሹራብ የለበሰ የጨርቅ ልጅ ነው፤ ከአዲስ አበባ በቴሌቪዥን እየመጣ እትዬ ዶሮ ከምትባል መነጽር ካደረገች አስተማሪ ፊደልና ቁጥር ይማር ነበር። እኔ ፊደል ሳልለይ የጀመረ ፕሮግራም ሚኒስትሪ ስፈተንም አላለቀም። ቁንጮ ሲቆጥር ሰባትን ሁልጊዜ ይዘላታል። ስድስት፣ ስምንት ሲል አዳራሹ በአንድ ድምፅ «ሰባት!» ብሎ ይጮኻል፤ እትዬ ዶሮ በደስታ ክንፏን ታማታለች፤ እኛም ከአዲስ አበባ የሰማችን ይመስለን ነበር።

መብራት ግን ለመቱ ልጅ አያዝንም። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ቁንጮ አንዱን ቃል እንኳ ሳይጨርስ ጭልም ይላል። ልጆቹ ማልቀስ ሲቃጣቸው አንተ ተነስተህ፣ «የሄደው ስዕሉ ነው። ድምፁ በባትሪ ይሠራል። ጸጥ ካላችሁ ላገናኘው» ብለህ ከሳጥኑ ጀርባ ካለው መጋረጃ ኋላ ትገባለህ። ሁሉም አመነህ። ምን ይገርማል፣ በየቤቱ ያለው ሬዲዮ በባትሪ አይደል የሚያወራው? ትንሽ ቆይቶ ቁንጮ ከጨለማው ውስጥ ጉሮሮውን ጠርጎ ካቆመበት ይቀጥላል።

እኔ ግን በመጋረጃው ሥር ጫማህን አየሁት። ጠዋት ራሴ የጠረግኩት ጫማ ነው፤ ከማን ጫማ ጋር ይምታታብኛል? ቁንጮ ሲዘፍን ጫማው ወለሉን ይመታል። ቤት ስንደርስ «ያየሽውን ለማንም አታውሪ» አልከኝ። ያልተፈቀደ ድምፅ ሰው የሚያስጠይቅበት ጊዜ መሆኑ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ የገባኝ ነገር ቢኖር ያ ሁሉ ልጅ እየሳቀ ያለው በእኔ አባት ጨዋታ መሆኑ፣ ይህን መናገር ደግሞ እንዳልተፈቀደልኝ ነው።

አባዬ፣ ያ ድምፅ የት ነበር? ለእኔ የደረሱኝ ቃላት «በላሽ?» እና «ተኚ» ናቸው። መጋረጃው ጀርባ ያለው ሰውዬ ግን ይስቃል፣ ይዘፍናል፣ ያስመስላል። ቁንጮን አውቶቡስ አሳፍሮ እዚሁ አቅራቢያችን ያለችው ቡሬ ይወስደዋል፤ ቁንጮም መንገድ ላይ አቅለሽልሾት የሰው ዘንቢል ውስጥ ያስመልሳል። ኡካ መንደር ላይ ጭቃው አንድ ጫማውን ነጥቆት በአንድ እግሩ እየዘለለ ይመለሳል። ሶር ወንዝ ዳር ጉሬዛ ሲቆጥር ሰባተኛዋን ይዘላታል፣ ጉሬዛዋም ተቆጥታ ቅጠል ትወረውርበታለች። «ኢጆሌ፣ ኮታ!» ብሎ ልጆቹን በኦሮምኛ ሲጠራ ደግሞ አዳራሹ በእልልታ ይሞላ ነበር። ጥግ ይዤ እያለቀስኩ እስቅ ነበር።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት የቁንጮን ታናሽ እህት ነው።

ቁንጮ ስለ እሷ ሲያወራ ድምፅህ ይለሰልሳል። ታናሽ እህቴ ስትበላ ታንጎራጉራለች፣ እንደምታንጎራጉር ግን አታውቅም። ታናሽ እህቴ ስትጽፍ ምላሷን ከከንፈሯ ጫፍ ታወጣለች፤ ፊደሉ ሲከብድ ምላሷም ይረዝማል። ታናሽ እህቴ ከኋላዬ ስትሄድ ኮቴዬን እየረገጠች ነው፤ ዞር ካልኩ ትተዋለች። ስም አልነበራትም፤ ሁልጊዜ «ታናሽ እህቴ» ብቻ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ወደዳት። እኔ ጠላኋት። አንድ ሰው ይህን ያህል አተኩሮ የሚያያት ልጅ የት ነው ያለችው እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩና አገኘኋት፤ ቡሬ።

አዎ፣ ቡሬ። ለሥራ ትመላለስ አልነበር? ስትመለስ ደግሞ ደስ ብሎህ ነበር የምትመለሰው፣ ወይም ለእኔ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ቡሬ ሌላ ልጅ አለችህ፤ እሷ ጋ ታወራለህ፣ አውርተህ ጨርሰህ ባዶህን ወደ እኛ ትመለሳለህ ብዬ ደመደምኩ። እማዬን አልጠየቅኋትም፣ ታለቅሳለች ብዬ። አንተን አልጠየቅሁህም፣ እውነት ነው ትለኛለህ ብዬ። አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ጥርጣሬዬም አብሮኝ አደገ። በቀብርህ ዕለት ከቡሬ የመጣች እኩያዬ የምትሆን ሴት አምርራ ስታለቅስ አይቼ፣ ከለቅሶዬ ተነስቼ የማን ልጅ እንደሆነች አጠያየቅሁ። አብሮህ ይሠራ የነበረ ሹፌር ልጅ ናት አሉኝ። ያኔም በደንብ አላመንኩም።

እንግዲህ ባለፈው እሑድ የሆነውን ስማ። ሰው በልቶ ሲጨርስ ጨዋታው ቁንጮ ላይ ወደቀ። ቶለሳ ነበር የጀመረው፤ ያ አዳራሹ ውስጥ ሁሌ ፊት የሚቀመጠው ልጅ፣ አሁን ቡና ነጋዴ ሆኗል። የባለ ሱቁ ልጅ ከድር ደግሞ የአባቱን ሱቅ ይዞ ጸጉሩ ሸብቷል። የቁንጮ ሹራብ ምን ዓይነት ቀለም ነበረው ተባለ። የእኛዋ ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ ስለነበረች ከድር አረንጓዴ ነው ሲል ቶለሳ ቀይ ብሎ ድርቅ አለ። አዲስ አበባ ያደገው የአክስቴ ልጅ ሰሎሞን በመሃል ገብቶ ቢጫ ነው አላቸው፤ እነሱ ቤት ባለ ቀለም ቴሌቪዥን ነበረ። ሁለቱም ቅር እያላቸው ተቀበሉት።

ቶለሳ የኡካውን ጭቃ አነሳ። ሰሎሞን ሳቀ። «ኡካ? ቁንጮ ከስቱዲዮ ወጥቶም አያውቅ» አለ። ከድር የቡሬውን አውቶቡስ አነሳ። እሱም የለም። ቶለሳ «ኢጆሌ ኮታ ይለን የነበረውስ?» ሲል ሰሎሞን ጭራሽ እጁን አወራጨ።

«በዚያ ዘመን በቴሌቪዥን ኦሮምኛ? አንድም ቀን አላመለጠኝም እኮ፤ እንደዚህ የሚባል ነገር የለም። ልጅ ሆናችሁ አልማችሁት ነው።»

ልዋሽህ አልፈልግም፤ ደስ አለኝ። ይካድ አልኩ በልቤ። እነሱ ህልም ነው ብለው ከተዉት ያ ድምፅ የእኔ ብቻ ይሆናል። ሳህኔን አንስቼ የቀረኝን መብላት ቀጠልኩ።

ቶለሳ ግን ሳህኑን መሬት አስቀመጠ። «ዋቃዮ! ምን ማለትህ ነው ሰሎሞን? ቤት የምናወራው ኦሮምኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ። ያ አሻንጉሊት በቋንቋዬ የጠራኝ ዕለት በዝናብ እየሮጥኩ ሄጄ ነው ለእናቴ የነገርኳት። እናቴ እስክትሞት ታወራው ነበር። እሷም አልማ ነው?» አለ። ከድር መሬት መሬት ያይ ጀመር። «እህቱስ?» አለ ቶለሳ እንደገና። «እሷንም ነው ያለምናት? ስትበላ እያንጎራጎረች፣ እንደምታንጎራጉርም የማታውቀዋ? ስትጽፍ ምላሷን የምታወጣዋ? የወንድሟን ኮቴ እየረገጠች የምትሄደዋ?»

አጠገቤ የተቀመጠችው እማዬ ጉልበቴን ያዘችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ይኼው አሁንም እያንጎራጎርሽ ነው» አለችኝ።

ጉርሻዬ አፌ ውስጥ ቀረ። እማዬ ምን ያስገርማል በሚል ፊት ታየኛለች። «ስለ አንቺ እኮ ነው የሚያወሩት። ይኼንኑ ለእኔም ሲነግረኝ ነው የኖረው። ፊት ለፊትሽ አፉ ይታሰራል፤ ዞር ስትዪ ግን ስለ አንቺ አውርቶ አይጠግብም ነበር» አለችኝ። «የቡሬዋስ ልጅ?» አልኳት። «የቷ የቡሬ ልጅ?» አለች። በቃ፤ ስንት ዘመን የተሸከምኩት ነገር እዚያ ላይ አለቀ።

አባዬ፣ ያቺን ልጅ ለማየት ስንት ጊዜ ዞር ብለሃል! እኔ አያየኝም ብዬ የአንተን ዓይን ስፈልግ፣ አንተ የምታየኝ ለካ ሳላይህ ነው።

ቶለሳን አየሁት። ፊቱ ላይ ያለውን ነገር አውቀዋለሁ፤ የራሴን ሲወስዱብኝ የሚሰማኝ ነው። አንድ ቃል ሳልናገር ብቀር እሑዱ ያልፋል፣ ሰሎሞን ያሸንፋል፣ አንተም ለእኔ ብቻ ትቀራለህ። ይህን ያህል ዘመን የፈለግሁት ይኸው ነበር፤ እጄ ላይ ሲገባ ግን ሌላው ሰው ያለመው ነገር ሆነህ እንድትቀር አንጀቴ አልቻለም። ተነሳሁ። እጄ ላይ ገና ወጥ ነበር።

«ሰሎሞን እውነቱን ነው፤ በቴሌቪዥን አልነበረም» አልኳቸው። «ቶለሳም እውነቱን ነው። መብራት ሲጠፋ ከመጋረጃው ኋላ ሆኖ ያወራ የነበረው አባቴ ነው። ባትሪ የሚባል ነገር አልነበረም። እህቱ ደግሞ እኔ ነኝ።»

ከድር «ጋሽ መኮንን?» አለና ፊቱን በነጠላው ሸፈነ፤ ይሳቅ ያልቅስ አልለየሁም። ቶለሳ መጥቶ አገላብጦ ሳመኝና ከዘመን በኋላ የተገኘች ዘመድ እንደሚያዩ ራቅ ብሎ አየኝ። «የት ሄደች እንል ነበር እኮ» አለኝ። ከዚያ ጥያቄው ዘነበብኝ። ያ ጭቃ ላይ ኮቴ መርገጡን ተውሽው ወይ? ትምህርትሽን ጨረስሽ? ስንት ወለድሽ? ባልሽ ጥሩ ሰው ነው? የማላውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ እንደ ታናሻቸው ይቆጡኝና ይመክሩኝ ጀመር፤ ምግቤንም ልጨርስ ብል እንዳንጎራጉርላቸው ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ያኔ እንዴት እንደምበላ እንኳ ጠፋኝ።

ቅናቴ የለቀቀኝ እንዳይመስልህ። ትናንት ቶለሳ ፎቶግራፍህን ካላስገለበጥኩ ብሎ መጥቶ ነበር፤ ቡና መጋዘኑ ውስጥ ሊሰቅለው። ፈቀድኩለት፤ ግን ትንሿን ነው የሰጠሁት። ከሁሉ የባሰውን ደግሞ ልንገርህ፦ አሁን የምቀናው በዚያች ልጅ ነው። አንተ ስታያት ኖረሃል፤ እሷ ደግሞ አንድም ቀን ሳታውቀው አለፋት። ያን ጊዜ ብታውቀው ኖሮ እንዴት ያለች ደስተኛ ልጅ ትሆን እንደነበር ሳስብ ላንቃት ያምረኛል፣ ላቅፋትም ያምረኛል።

አስታውስሃለሁ አባዬ። ከተማው ሁሉ ያስታውስህ እንጂ፣ ምን አደርጋለሁ፤ የእኔ ግን ከሁሉም ይበልጣል፤ በዚህ ላይ ማንም አይከራከረኝ። ስምህን ሲያነሱ የሚሳሳቱትን አርማለሁ፣ የማያውቁህ የልጆቼ ልጆች አንተን እንዲጠግቡ አወራላቸዋለሁ፤ እነሱን ግን ፊት ለፊት እያየሁ ነው የማወራቸው።

እንዲህ ብዬ ስፈርም የመጀመሪያዬ ነው፦

አንድያ ልጅህ፣
አስቴር