የአባታችን ሳቅ

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለኒሩ፤

ጤናህ እንደምን ነው? ያ የደረት ብርድ ተወህ ወይ? ሚስትህ ሚናቲስ ደኅና ናት? ልጅቷ ጥርስ አወጣች? እኛ ጌታ ይመስገን አለን። ዝናቡ ገብቷል፤ የኩሽናው ጣራም እንደ ልማዱ ያፈስሳል።

ኒሩ፣ ደክሞኛል፤ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። ጌታ ጃጋናት በቤተ መቅደሱ የዓመት መታጠቢያውን ታጥቦ እንደ ወጉ ትኩሳት ያዘው፣ የማገገሚያው ክፍልም ተዘጋ። አባታችን ግን የመድኃኒቱን ሥር ሊወቅጡ አልሄዱም። ከአያታችን ጀምሮ ጌታን የምናስታምመው እኛ ነበርን፤ ዘንድሮ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል።

ፕሮፌሰርህ እኛ ዘንድ የሰነበተች ጊዜ መካከል ተቀምጠህ የምታስተረጉመው አንተ ነበርህ። ከእንጨት የተቀረጸ ጌታ እንዴት ትኩሳት ይይዘዋል ብላ ስትጠይቃቸው አባታችን ስቀው፣ "ቀለሙ በውሃ ለቆ ሰው ፊት መውጣት አፍሮ ነዋ፣ ልጄ። የእኔዋም ሳትኳል እንግዳ ፊት አትወጣም። እኔ ምን አገባኝ፣ በር ጠባቂ ነኝ" አሏት። እናታችን ከኩሽና፣ "አንተ ሽማግሌ፣ አፍህ አይዘጋም?" ስትል ሁላችንም ሳቅን። ሴትዮዋ ግን ትጽፍ ነበር። ቀጥለውም ረጋ ብለው፣ "የታመመ ሰው ጠይቀሽ 'እውነት አሞሃል?' ትያለሽ? ውሃ ታቀብያለሽ እንጂ። እሱም የሚታመምልን እንድናስታምመው ብሎ ነው" አሏት። ይህንንም ተርጉመህላታል።

መጽሐፏ ወጣና የቤተ መቅደሱ ሽማግሌዎች አስተርጉመው አነበቡት። የዚህ አገር ካህናት ራሳቸው አያምኑም፤ በር የሚዘጉት ሕዝቡን ለማስገበር ነው ይላል። ማስረጃው "ምን አገባኝ፣ በር ጠባቂ ነኝ" የሚለው የአባታችን ቃል ነው። ሳቁ የለም፤ የኋለኛው ንግግርም የለም። የሽማግሌዎቹ አለቃም አባታችንን፣ "ኡድዳብ፣ በአፍህ የናቅኸውን በእጅህ አታስታምመውም" አሏቸው።

ሴትዮዋን ክፉ ናት አልልም። ሩዛችንን በእጇ በልታለች፣ እናታችን ያመማት ጊዜ እግሯን አሽታላታለች። ነገር ግን መልሱን ከአገሯ ቋጥራ ነው የመጣችው። ተማሪዎቿም ያንኑ ተምረው ይመጡና እንደ አዲስ ይጠይቁናል። ስንቱን አስረድተን እንዘልቀዋለን?

በእሷ ሥር እንደምትሠራ አውቃለሁ፤ ብትናገር ትቀየምሃለች። አባታችንም "ለልጁ እንዳትጽፊበት፣ ሥራው ይበላሽበታል" ብለው ከልክለውኛል። ትናንት ግን ወደ ቤተ መቅደሱ እያዩ፣ "መድኃኒቱን ሞቅ አድርገው ሰጡት ይሆን?" ሲሉኝ አንጀቴ አልቻለም። ስለዚህ ይህን ነገ ወደ እናንተ ከተማ በሚበርረው በጎረቤታችን ልጅ ልኬልሃለሁ። ጨረቃ ጠፍታ፣ ጌታ አገግሞ በሩ ሳይከፈት ለሽማግሌዎቹ ደውል። ስለ መጽሐፉ አትከራከር፣ ሴትዮዋንም አትስደብ። ያን ቀን አባቴ ስቀው ነበር፣ እኔም ሰምቻለሁ በላቸው። ሌላ አንፈልግም።

እናታችን ግንባርህን ትስምሃለች፤ ለሚናቲ የማንጎ ጭማቂ አድርቃ ልካለች። ባለቤቴና ልጆቼ በየስማችሁ ሰላም ይላሉ። ልጅቷን ስለ እኔ ሳማት። አባታችን ሰላም ይሉሃል ብዬ አልዋሽህም፤ መጻፌን አያውቁም።

እህትህ ሱላታ

ሱናፑር መንደር፣ ኦዲሻ
በጄሽታ ወር፣ ሙሉ ጨረቃ ባለፈ በሦስተኛው ቀን