ያላገባ በዪው

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ፕሪንተሩ ዛሬም ወረቀት ነክሶ ቀረ። ዘጠኝ የሥራ ፈቃድ እድሳት ጠረጴዛዬ ላይ ተከምሯል። ሁለቱን ኢሚግሬሽን መልሷቸዋል፤ በፎቶው ላይ ጆሮ አይታይም ተብሎ። ጆሮ ያጠራቅማሉ እንዴ እነዚህ ሰዎች?

ከሰዓት መካኒኩ መጣ። ከድንበር ማዶ ካለው ፋብሪካችን ካዛወርነው አስራ አራት ወሩ። «ዓመት ስትሞላ ሚስትህንና ልጅህን እናመጣልሃለን» ተብሎ ነው የመጣው። የጋብቻ ወረቀቱን አስተርጉሞ፣ የልጁን ፎቶ በፖስታ አድርጎ ይዟል።

«እሜቴ ማኅተም፣ ጆሮዋ ይታያል። ሁለቱም!» አለኝ እየሳቀ። የኩባንያው ማኅተም እኔ መሳቢያ ውስጥ ስለሚያድር ነው ይህን ስም ያወጡልኝ። ፊት ለፊት የሚጠራኝ ግን እሱ ብቻ ነው። ልጅቷ ስድስት ዓመቷ፣ የፊት ጥርሷ ወልቋል።

ተቀበልኩት። ከሄደ በኋላ ፎቶውን እንደገና አውጥቼ አየሁት።

ጥቅምት 6

ኢሚግሬሽን፣ መስኮት ሦስት፣ የመካኒኩን ወረቀት ይዤ። ባለመነጽሩ ሠራተኛ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው።

«እመቤት፣ ይህ ሰውዬ እኮ ሚስት የለውም።»

የመጀመሪያውን ማመልከቻ አሳየኝ። «ያላገባ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ተደርጓል። የእኔ እጅ! የእኔ ሰማያዊ እስክሪብቶ!

ትዝ አለኝ። ሥራ አስኪያጁ ከኋላዬ ቆሞ… «ባለትዳር ካልሽው ፋይሉ ሦስት ወር ይጨምራል። ማሽኑ ቆሟል እኮ! ያላገባ በዪው፣ በኋላ እናስተካክለዋለን» አለኝ። እኔም ያላገባ አልኩት። መካኒኩ ቋንቋችንን ይናገራል እንጂ አያነብም። ጣቴን ቅጹ ላይ አድርጌ «እዚህ ጋ ፈርም» አልኩት። ፈረመ።

ባለመነጽሩ ቀጠለ። «ወይ ያኔ ዋሽቷል፣ ወይ አሁን እየዋሸ ነው። የሐሰት መረጃ ደግሞ አምስት ዓመት ከአገር ያሳግዳል።» ፈቃዱ የሚያልቀው በኅዳር መጨረሻ ነው።

ጥቅምት 7

ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት። ዓይኑን በጨው ታጥቦ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ራሱ አይደል የፈረመው?»

«አንተ አይደለህ ያላገባ በዪው ያልከኝ?»

«እኔ? በጽሑፍ አለሽ?»

ደሜ ፈላ! ሠራተኛው ትዳሩን ደብቆናል የሚል ደብዳቤ ጽፌ ማኅተም እንዳደርግበት አዘዘኝ። በሱ ቤት ኩባንያው ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ሰውየውስ? «ሌላ መካኒክ እናመጣለን።» እሱንም ያላገባ በለኛ! ያላገባ!

ጥቅምት 8

ደብዳቤውን አልጻፍኩም። ታናሽ እህቴ እራት ላይ «እትዬ፣ አንቺ ምን ቤት ነሽ? ያዘዘሽ ይጠየቅ» አለችኝ።

ምን ቤት ነኝ? ምልክቷን ያደረግኳት እኔ ነኝ!

ጥቅምት 11፣ ሰኞ

ለመካኒኩ ነገርኩት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰማኝ። ቢጮህብኝ በወደድኩ። ቢሰድበኝ…

«በወረቀቱ ላይ ልጄ የለችም ማለት ነው?» አለ።

የማመልከቻውን ቅጂ ዘርግቼ ምልክቷን አሳየሁት።

«እርስዎ ፈርም ሲሉኝ ፈረምኩ እኮ።»

ይቺን ብቻ ብሎ ወደ ማሽኑ ተመለሰ። ቀኑን ሙሉ ምግብ አልበላልኝም። እንዴት ያለ ድፍረት ነው የእኛ! የሰውን ሚስትና ልጅ በአንድ ሳጥን ማጥፋት! ደግሞ እሱ ብቻ ነው? ባለፈው ዓመት ስንቱን «ያላገባ» ብያለሁ?

ጥቅምት 14

አገኘሁ! አገኘሁ!

የማዶው ፋብሪካ ሲያዛውረው የላከልን የሠራተኛ ቅጽ፣ በሁለት ቋንቋ የታተመ። «በአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው፦ ባለቤቴ።» «ልጆች፦ አንዲት ሴት ልጅ።» በገዛ እጁ በራሱ ቋንቋ ጽፎታል፤ የማዶው ቢሮ ከጎኑ ተርጉሞታል። ጥጉ ላይ ደግሞ የእኛው «ገቢ ሆኗል» ማኅተም፤ ማመልከቻውን ከማስገባታችን ሁለት ሳምንት በፊት። ማን ደበቀ እንግዲህ? እሱ ነግሮናል። እኛ ነን የፋቅነው።

ጥቅምት 18፣ ሰኞ

ደብዳቤ ጻፍኩ። የታዘዝኩትን ግን አይደለም። ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ፣ ያዘዘኝ ሥራ አስኪያጁ ነው፣ ሠራተኛው ምን እንደተጻፈ አላነበበም፣ አልተነበበለትም። የሠራተኛ ቅጹን ቅጂ አያያዝኩ። ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። መሳቢያውን ከፍቼ ማኅተሙን አሳረፍኩበት። ማኅተሙ ትንሽ ተንጋደደ።

ባለመነጽሩ ሁለቴ አነበበው።

«እመቤት፣ ምን እንደሚከተልዎት ያውቃሉ?»

«አላውቅም። ብቻ ተቀበለኝ።»

ተቀበለኝ። ቁጥር ሰጠኝ።

ጥቅምት 20

ሥራ አስኪያጁ ማኅተሙን ነጠቀኝ። «ኩባንያውን አዋረድሽው!» ይላል። ማን ነው ያዋረደው? በኩባንያው ስም ኢሚግሬሽን የምገባበትን መታወቂያም ወሰደ። ጠረጴዛዬ መለዋወጫ ዕቃ መጋዘን ገባ። መስኮት የለውም፤ የግሪስ ሽታ አለ። በእኔ ቦታ አንዲት ልጅ ተቀምጣለች፤ ምንም አታውቅም፣ ታሳዝናለች።

እህቴ «አልነገርኩሽም?» አላለችኝም። ሳታየኝ ብቻ ስታለቅስ ሰማኋት።

ኅዳር 24

መካኒኩ እየሮጠ መጋዘን መጣ። ፈቃዱ ታድሷል! መዝገቡም ተስተካክሏል፦ ባለትዳር፣ አንድ ልጅ። ኩባንያው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶታል። ሥራ አስኪያጁ በኮሪደር ሲያልፈኝ ግድግዳውን ነው የሚያየው። ግድግዳው ይየው።

ታኅሣሥ 8

ምሳ ሰዓት ላይ መጋዘኑ በር ላይ ሰልፍ ነበር። አምስት ሰዎች፣ ከማዶ የተዛወሩ፣ እያንዳንዳቸው ቅጽ ይዘው። አዲሷ ልጅ «እዚህ ጋ ፈርሙ» ስትላቸው «መጀመሪያ እሜቴ ማኅተም ታንብብልን» ብለው መጡ። ማኅተም የለኝም እኮ አልኳቸው። ሳቁ። ሦስቱ «ያላገባ» ተብለዋል። ሦስቱም ልጆች አሏቸው! አሁንም! ከዚያ ሁሉ በኋላ! አንድ በአንድ አነበብኩላቸው፤ በእጃቸው ሰረዙ፤ እንደገና አስሞሉ።

መጨረሻ ላይ መካኒኩ፣ የሚስቱንና የልጁን ማመልከቻ ይዞ። ከላይ እስከ ታች አነበብኩለት። የልጁን ስም ራሱ በቀስታ ጻፈው። «ይኸው፣ እዚህ ጋ ፈርም» አልኩት።

እስክሪብቶውን አላነሳም። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አንዴ ይድገሙልኝ» አለ።

ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ ደገምኩለት።