ልስኑ ላይ የተጻፈው

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ወንድሜ ዳዊት ከእስር ከተፈታ ገና ሳምንቱ ነው። የታሰረው ይሠራበት ከነበረው የጭድ ተራ ሱቅ ዕቃ ጠፋ ተብሎ ነበር፤ ዕቃው ሌላ ሰው ጋ ተገኘና ለቀቁት። ዛሬ ጠዋት በሩን ስከፍት ግን የፊት ግድግዳችን ላይ በቀይ የዘይት ቀለም "ሌባ" ተብሎ ተጽፏል።

እማዬ ማንበብ አትችልም። "ምንድነው የሚለው?" አለችኝ። ዳዊት ከኋላዬ መጥቶ፣ "ሌባ ነው የሚለው እማዬ፤ እኔን ነው" አላት።

ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ቀለም የሚያስለቅቅ አኳራጅና የሽቦ ብሩሽ ይዘው መጡ፤ አብረውን ይፈትጉ ጀመር። ግድግዳው ለስላሳ ቢሆን ይለቅ ነበር። አባዬ ሲሚንቶውን በእጁ እየረጨ የሠራው ሸካራ ልስን ስለሆነ፣ ቀለሙ ጉድጓድ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቷል። ነጭ ብንቀባበትም ቀዩ ከሥር ወጣ፤ ሁለቱ ፊደላት እንደገና ተነበቡ።

ከሰዓት በኋላ እማዬ መዶሻና መሮ አምጥታ ለዳዊት ሰጠችው። "ልስኑን አንሳው" አለችው።

"የአባዬ ሥራ እኮ ነው።"

"አውቃለሁ። እሱም ቢኖር ያነሳው ነበር።"

ከዚያ ገብታ በሩን ዘጋች። ስታለቅስ ደጅ ድረስ ይሰማል። ዳዊት ልስኑን አፍርሶ ጨርሶ፣ ጭቃው ብቻ ከቀረ በኋላም መዶሻውን አላቆመም። ለቅሶዋን ጎረቤት እንዳይሰማ መሰለኝ። እኔም ተው አላልኩትም።