ያለፋት ጽዋ

ማክሰኞ፣ ፌብሯሪ 6
የበረሃው አቧራ ዛሬም አልጠራም። እኔ የእራቱን ካሳቫ ለፉፉ ስወቅጥ ባለቤቴ ኦቱቤያ ሙቀጫው ውስጥ ታገላብጥ ነበር። ሲያልቅ ከበርጩማዋ መነሣት አቃታት። "እጅህን ስጠኝ እንጂ፣ ኦፓኒን! እጅህ የሚዘረጋው ለስብከት ብቻ ነው?" ሳቅሁ። አርባ አንድ ዓመት በትዳር፣ ዛሬም በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌነት ማዕረጌ 'ኦፓኒን' ትለኛለች... የዓይኗ ቆብ ወይን ጠጅ መስሏል። ምን ተቀብታ ይሆን?

ሐሙስ፣ ፌብሯሪ 22
የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢዋ ማሜ ዶኩዋ መጣች። "ኦፓኒን፣ እርስዎ ልጃገረዶቻችንን 'እግዚአብሔር የሰጣችሁን መልክ አትናቁ' ይላሉ፤ ሚስትዎ ፊቷን በቆዳ ማቅያ ቅባት ትልጣለች። ሰው እየሳቀብን ነው እኮ!"
ኦቱቤያን ጠየቅሁ። "በስልሳ ሦስት ዓመቴ ለማን ብዬ ልቅላ? ለአንተ? አንተ ያለ መነጽር መቼ ታየኛለህ!"
ቀልዷን እንደ ማምለጫ ቆጠርሁት።

እሑድ፣ ማርች 3
የሽማግሌዎች ጉባኤ ከቅዱስ ቁርባን አገዳት። የሙሴ እኅት ማርያም ቆዳዋ ተለውጦ ከሰፈር መውጣቷን ጠቅሶ የተናገረው ማን ነበር? እኔ። ለቤቴ እንደማላዳላ ይታይልኝ ብዬ።
ነጭ ልብሷን ለብሳ ከኋላ ተቀመጠች። ጽዋው አልፏት ሄደ። አላለቀሰችም።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 19
ክንዷ ወደ ራሷ አልነሣ አለ። ሻሿን እኔ አሰርሁላት... አጣመምሁት።

ማክሰኞ፣ ሜይ 14
አክራ። ሐኪሙ ዶክተር ላርቢ ፊቷን ባየ ጊዜ ሆዷን አስመረመረ። ከዚያ ለብቻዬ ጠራኝ።
"አባ፣ ይህ ቅባት አይደለም። የሰውነቷ መከላከያ የገዛ ቆዳዋንና ጡንቻዋን እየወጋ ነው።"
"ስለ ምን?"
"አንዳንድ ጊዜ ውስጥ ካንሰር ሲደበቅ እንዲህ ይሆናል። ዘቡ ጠላት ሊወጋ ይነሣና ወገኑን ይፈጃል። የእርሷ ከማኅፀኗ ጎን ነው... ተሠራጭቷል።"
"በፌብሯሪ ብንመጣ ኖሮ?"
"ይሻል ነበር፣ አባ።"
ፊቷ ላይ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ነበረ። እኔ ኃጢአት ብዬ አነበብሁት። ሳኦል ጠላቱን ሲያሳድድ የገዛ ልጁን ዮናታንን ሊገድል መማሉን ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ? ማንን ነበር የማስተምረው?

ረቡዕ፣ ጁን 12
መዝሙረ ዳዊትን ከፈትሁ። ዘጋሁት።

እሑድ፣ ጁላይ 7
ጉባኤው እገዳውን አነሣ። ቁርባኑን ይዘው እስከ አልጋዋ መጡ። ማሜ ዶኩዋ ተንበርክካ አለቀሰች። "ተነሺ፣ ወለሉ ገና አልተጠረገም፤ ልብስሽን ታቆሽሺዋለሽ" አለቻት ኦቱቤያ፤ ድምፅዋ በአፍንጫዋ ይወጣል።
ቄስ አሴዱ ኅብስቱን ቆርሰው ሰጧት። ዓይኗን ጨፍና ያዘችው... ጉሮሮዋ አልዋጠም። እዚያም ያለው ጡንቻ ደክሟል። ትን አላት፤ እጄን ዘረጋሁ፤ መዳፌ ላይ ተፋችው። ወይኑንም በጠብታ ሞከርን። በአፍንጫዋ ተመለሰ።
"ተወው" አለችኝ። ቁጣ የለበትም። ምነው በተቆጣች።
መዳፌ ላይ ያለውን ምን እንደማደርገው ቄሱን ጠየቅኋቸው። የሥርዓት መጽሐፋቸውን አገላበጡ፤ አላገኙትም። እኔም፣ ሥርዓቱን ሁሉ አውቃለሁ ባዩ፣ አላውቅም።
ሁሉም ሄደዋል። ቀኝ እጄን ገና አልከፈትሁም። ይህን የምጽፈው በግራዬ ነው።