ጎል ስለሚያገባው ተከላካይ፣ ለብሔራዊ ቡድን መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ለተከበሩ የብሔራዊ እግር ኳስ ቡድን ተጫዋቾች መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለሁለቱ የኮሚቴ አባላት የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ለመላ አካላትዎ የምመኘው እንዳለ ሆኖ ለዓይንዎ ግን ለብቻው ጨምሬ እመኛለሁ። ቡድናችን ወደ ታላቁ ውድድር ሊሄድ ሦስት ሳምንት በቀረው በዚህ ጊዜ ጊዜዎ ጠባብ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ተጫዋች ሊመርጡ መጥተው ጨዋታው ሳያልቅ የሚሄዱት ከጊዜ ጥበት እንጂ ከሌላ እንዳልሆነ ለሰፈሬ ሰዎች በሙሉ አስረድቻለሁ።

እኔ ሰባ ሦስት ዓመት የሞላኝ ልብስ ሰፊ ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ማንበብ የተማርኩት ጠረጴዛ ላይ አንጥፌ የልብስ ልክ ከምቆርጥበት አሮጌ ጋዜጣ ነው፤ ጋዜጣው አንዳንዴ በትክክል አንዳንዴ ደግሞ ተዘቅዝቆ ስለሚነጠፍ በሁለቱም በኩል ማንበብ እችላለሁ፣ በዚህም ስኮራ ኖሬያለሁ። የሰፈራችንን ቡድን ማልያ ላለፉት ሠላሳ አንድ ዓመታት የምሰፋው፣ ጀርባው ላይ ቁጥሩን የምለጥፈውም እኔ ነኝ። ሱቄ ውስጥ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ልብስ የሚያሰፋ ሰው ከሚቀመጥበት ይልቅ ስለ ኳስ የሚከራከር ሰው የሚቀመጥበት ጊዜ ይበልጣል። ቅሬታዬን በሰባት ነጥብ አዘጋጅቼ ነበር፤ እንደማይሰለቹ ተስፋ በማድረግ በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አመጣጥዎ። የዛሬ አምስት ሳምንት ከጎረቤት ሰፈር ቡድን ጋር ያደረግነውን የወዳጅነት ጨዋታ ለመመልከት ክቡርነትዎ ከሁለት ባልደረቦችዎ ጋር መጥተው ነበር። ጨዋታው ከተጀመረ ሃያ ደቂቃ አልፎ ነበር የደረሱት፤ ያላዩት ሃያ ደቂቃ ብዙም ነገር አልነበረውም፣ አያስቡ። ጃንጥላ ተተክሎልዎት፣ የተጫዋቾች ስምና ቁጥር ያለበት ወረቀት ጭንዎ ላይ ተዘርግቶልዎት፣ አንገትዎን ደፍተው ሲጽፉ አየን። በሰባ አምስተኛው ደቂቃ ወረቀቱን አጥፈው ተነሡ። የአንድም ተጫዋች ፊት ቀርበው አላዩም፤ የአንዱንም ስም ጠርተው አልጠየቁም። ሳይነኩ፣ ሳያነጋግሩ፣ ከሩቅ ሆኖ ሰውን መመዘን የሚችል ሰው በዘመኔ ስላላየሁ፣ በዕድሜዬ ይህን ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ምርጫዎ። ከሰፈራችን ሁለት ልጆች በተስፋ ይጠበቁ ነበር። አንዱ ሽውታ የምንለው አጥቂ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ቀን ቀን ጎማ ይጠግናል፣ ዘጠኝ ቁጥር ይለብሳል። ሌላው ግድግዳው የምንለው ተከላካይ ነው፤ ከቁመቱ የተነሣ የሱቄን በር ጎንበስ ሳይል አያልፍም፣ ስድስት ቁጥር ይለብሳል፣ ከመሐል ሜዳ ወዲያ ሲሻገር ያየሁት ኳስ ወደ መንገድ ወጥታ ሊያመጣ ሲሄድ ብቻ ነው። በዚያ ቀን ሽውታ ሁለት ጎል አገባ። ከሁለት ሳምንት በፊት ሰኞ ዕለት ስም ዝርዝሩ በሬዲዮ ሲነበብ ሱቄ ውስጥ የሚሰማው የካውያው ትንፋሽ ብቻ ነበር። ግድግዳው ተመረጠ። ሽውታ አልተመረጠም።

ምክንያቱን ሲጠየቁ የሰጡት መልስ እስከ ዛሬ ቃል በቃል ይነገራል። "ተከላካይ ሆኖ ሁለት ጎል የሚያገባ ልጅ አግኝተናል፤ አጥቂ ተብሎ የቀረበልን ግን ጨዋታውን ሙሉ ከራሱ ጎል ሥር አልተነቃነቀም" አሉ። ወዳጄ ታክሲ ነጂው ወንበሩ ላይ ተደግፎ "ሰውየው የትኛውን ጨዋታ ነው ያዩት? ወይስ ጃንጥላው ወደ ሌላ ሜዳ ዞሮ ነበር?" አለ። ጡረታ የወጡት መምህር "አንተ ዝም በል፣ የተማረ ሰው ያላየኸውን ያያል" ብለው መለሱለት፤ የሚቀልዱ ይሁን የምር ይሁን እስካሁን አልገባኝም። እኔ ከሁለቱም ድምፄን ከፍ አድርጌ "ይህ የዘመድ ሥራ ነው" አልኩ። የግድግዳው አባት የትምህርት ቤት ዘበኛ ናቸው፤ ማታ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ዘበኛው ከሰብሳቢው ጋር ሥጋ ዘመድ ናቸው እያለ ነበር። በማግስቱ ሰላምታ የሚነፍጋቸው ሰው አየሁ። ወሬው ከሱቄ እንደወጣ ክቡርነትዎ ልብ ይበሉልኝ፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ልምምድ ካምፑ። ግድግዳው ባለፈው እሑድ ስልክ ደውሎልኝ ነበር። "አባባ፣ እዚህ ጎል አግባ እያሉኝ ነው" አለኝ። "ታዲያ አታገባም?" አልኩት። "ኧረ አባባ፣ በልጅነቴም አግብቼ አላውቅ! ያገባሁት እኔ አይደለሁም፣ ሽውታ ነው ብዬ ሦስቴ ነገርኳቸው። ትሕትናህን ወደድነው አሉኝ።" ክቡር ሆይ፣ እውነት የሚናገር ልጅ ሦስት ጊዜ ሲነግርዎ ሦስቱንም ጊዜ በጸባይ ምስጋና መመለስዎ ከፍተኛ ጨዋነት ነው። ወረቀትዎ ላይ ከተጻፈ በኋላ ልጁ ራሱ ስለ ራሱ ምን ሊያውቅ ይችላል?

አራተኛው ነጥቤ ስለ ኮሚቴው ግትርነት ነበር። ጽፌው ሳበቃ አነበብኩት፤ አነበብኩትና መርፌ እንደወጋኝ ሆንኩ። የተቀሩትን ሦስት ነጥቦች ቀድጃቸዋለሁ። ከዚህ በታች ያለው ቅሬታ በእኔ ላይ ነው፤ የሚቀርብበት ቢሮ ስላጣሁ ለክቡርነትዎ አቀርባለሁ።

በዚያ የወዳጅነት ጨዋታ ዋዜማ የቡድናችን ማልያ ያዥ ሁለት ማልያ ይዞልኝ መጣ፤ በእጥበት ቁጥራቸው የተላቀቀ ነበር። አንዱ ትልቁ ስድስት ቁጥር፣ ሌላው ትንሹ ዘጠኝ ቁጥር። እኔ ለስድስትና ለዘጠኝ የምጠቀመው የካርቶን ልክ አንድ ነው፤ ቆርጬ እንደ አስፈላጊነቱ አዙሬ እሰፋዋለሁ። ልጄ፣ አብራኝ የምትሠራው፣ ከዓመታት በፊት "አባዬ፣ ቢያንስ ላዩ የት እንደሆነ በጠመኔ ምልክት አድርግበት" ብላኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት የሠራ እጅ ምልክት አይፈልግም ብዬ መለስኩላት። በዚያ ቀን መብራት ጠፋ። ብርሃን ፍለጋ ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ ማልያዎቹን ሳነጥፍ አንገታቸው እንደወትሮው ወደዚያ ሳይሆን ወደ እኔ መጣ። እኔ ግን እጄ እንደለመደው ሰፋሁ። ሰባት ቁጥር ወይም አራት ቁጥር ቢሆን ኖሮ ቀና ሳደርገው ይጮህብኝ ነበር። እነዚህ ሁለቱ ግን ዝም አሉ። ትልቁ ማልያ ዘጠኝ ሆነ፤ ትንሹ ስድስት ሆነ።

ማልያዎቹ ሜዳ የደረሱት ጨዋታው ሊጀመር ሲል ነው። ረጅሙ ልጅ ትልቁን፣ ቀጭኑ ትንሹን ለበሰ፤ የገዛ ጀርባውን የሚያይ ሰው የለም። አሰልጣኛችን አይቶ "ተውት፣ ማን ማን እንደሆነ እናውቃለን" አለ። እውነቱን ነው፤ እኛ እናውቃለን። ልጆቹን ከእግራቸው ጀምረን እናውቃቸዋለን እንጂ ጀርባቸውን አናነብም። በሜዳው ላይ ቁጥር ብቻ ያዩ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ሦስቱም ከጃንጥላው ሥር ነበሩ።

ይህን ያወቅሁት ስም ዝርዝሩ በተነበበ በሦስተኛው ቀን፣ ማልያ ያዡ ትልቁን ማልያ ብብቱ ተተርትሮ ሲያመጣልኝ ነው። መስቀያ ላይ ሰቀልኩት። ዘጠኝ። በዚያ ስፋት ዘጠኝ ቁጥር የሚለብስ ሰው ሰፈራችን ውስጥ የለም። ወንበሩ ላይ ታክሲ ነጂውና መምህሩ ስለ እርስዎ ይጨቃጨቁ ነበር። ማልያውን አውርጄ አጥፌ ጠረጴዛው ሥር አስቀመጥኩት፤ ጭቅጭቁም ውስጥ ገብቼ እርስዎን ከሁሉም በላይ ሰደብኩ።

በማግስቱ ሽውታ መጣ። የሱሪ እግር ሊያሳጥር ነበር፤ ለጉዞ ብሎ የገዛውን ሱሪ። ሌላ ማንም ስላልነበረ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ በጎማ ጥላት የጠቆረ እጁን ሱሪውን እንዳይነካ ወደ ላይ አድርጎ፣ "አባባ፣ እርስዎ ዕድሜ ልክዎን ኳስ አይተዋል። ምን ጎደለኝ?" አለኝ።

ክቡር ሆይ፣ ማልያው ከእግሬ ሥር ነበር። ጎንበስ ብዬ ማንሣት ብቻ ነበረብኝ። እኔ ግን መነጽሬን አውልቄ "ሁለት ጎል የበቃህ መስሎህ ይሆናል። የበረታ ሦስተኛውን ያገባል። ስንፍና ነው የጎደለህን ያጎደለብህ" አልኩት። ከወንበሩ ተነሣ። "እውነትዎን ነው አባባ፣ ይስጥልኝ" አለኝና ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራ ከመግባቱ በፊት ከሱቄ ፊት ለፊት ያለውን ዳገት እየሮጠ ይወጣል፣ ይወርዳል። በሩን ስከፍት ባለፈ ቁጥር እጁን ያነሣልኛል። አሥራ አንድ ቀን እጁን አነሣልኝ፤ አሥራ አንድ ቀን አጸፋውን መለስኩ።

ለምን ዝም እንዳልኩ የሚያስረዳ ትልቅ ምክንያት ቢኖረኝ ደስ ባለኝ ነበር። የለኝም። ልጄ ትክክል እንደነበረች መናገር ከበደኝ፤ ይኸው ነው። በጠመኔ አንድ መስመር ማስመር የከበደው ሰው አንድ ልጅ ዳገት ሲወጣና ሲወርድ ማየት አልከበደውም። እርስዎም ግድግዳው ሦስት ጊዜ እየነገረዎ ወረቀትዎን ያላረሙት በሌላ ምክንያት አይመስለኝም። ስሰድብዎ የቆየሁት ሰው እኔን መምሰሉ እንዴት እንዳሳፈረኝ ልገልጽልዎ አልችልም፤ እርስዎንም ሊያሳፍርዎ ይገባል።

ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ዝርዝሩ የሚጸናው ዓርብ እኩለ ቀን ላይ እንደሆነ በሬዲዮ ሰምቻለሁ። ከዚያ በፊት ሽውታን ሜዳ ላይ ቆመው፣ ፊቱን አይተው፣ ስሙን ጠይቀው ይፈትኑት። አልበቃም ካሉ ይሁን፤ በራሱ እግር ይውደቅ፣ በእኔ ክር አይውደቅ። ግድግዳውንም በተከላካይነቱ ይመዝኑት፤ በዚያ ቦታ ጎበዝ ነው፣ ማንም በቦታው አላየውም እንጂ። ሁለቱ ማልያዎች በሱቄ በር ላይ ከዚህ ደብዳቤ ግልባጭ ጋር ተሰቅለዋል። ክሩ የእኔ ነው፣ ስፌቱ የእኔ ነው፤ ማንም ሰፊ አይቶ ሊመሰክር ይችላል።

ይህን ደብዳቤ ሁሉም እንዲያነበው ለጋዜጣ ከመስጠቴ በፊት ዛሬ ጠዋት የትምህርት ቤቱ በር ድረስ ሄጄ ዘበኛውን ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ዘመድ የሚለው ወሬ ከእኔ አፍ መውጣቱን ነገርኳቸው። በሩን ከፍተው "ግባ፣ ጸሐይ ነው" አሉኝ። ከዚያ ጎማ ቤቱ ሄድኩ። ሽውታ ጎማ ገልብጦ ነበር፤ ማልያውን ዘርግቼ ሁሉንም ነገርኩት። ረጅም ጊዜ ቁጥሩን አየ። አንዴ ቀና፣ አንዴ ዘቅዝቆ አየው። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። "እኔ እኮ በእርስዎ ምክር እግሬ ጠንክሮልኛል አባባ" አለኝ፣ ወዲያውም "ግድግዳውን ግን በእኔ ምክንያት እንዳያባርሩት" ብሎ ወደ ጎማው ተመለሰ። እጁን አላነሣልኝም። ትክክል ነው።

ይህን ሁሉ በትዕግሥት ያነበቡ ከሆነ፣ ወይም እንደ ጨዋታው በሰባ አምስተኛው ደቂቃ ትተውት የሄዱ ከሆነም፣ ለክቡር ቢሮዎ፣ ለወረቀትዎ፣ ለጃንጥላዎም ያለኝን ጥልቅ አክብሮት ደግሜ እየገለጽሁ፣

በኀፍረት የእርስዎ አገልጋይና በጥፋት ባልደረባዎ፣
የሰፈሩ ልብስ ሰፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልጄ ባዘዘችኝ መሠረት ከዛሬ ጀምሮ በእያንዳንዱ ማልያ አንገት ሥር "ላይ" የሚል ቃል በቀይ ክር እሰፋለሁ። አንዷን ቁራጭ ጨርቅ ላይ ሰፍቼ ለናሙና ከደብዳቤው ጋር ልኬልዎታለሁ፤ ወረቀትዎ ጫፍ ላይ ቢያሰፏት አይከፋኝም። እኔ በሰባ ሦስት ዓመቴ አስፈልጋኛለች።