ስክሪፕቱ ሲጠይቀኝ

ዓርብ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ሜሮን የመሥሪያ ቤቷ ሰርቨር ላይ ሶፍትዌሮችን በራሱ የሚጭን ስክሪፕት የሚሉትን የኮምፒውተር ትእዛዝ ጽፋ፣ ዛሬ ከቤት ሆና ስትሞክረው ዋለች። ሰኞ ቸርችል ጎዳና ወርዳ ለአለቆቿ ታሳያለች፤ ከተሳካላት በቋሚነት ይቀጥሯታል። አስጀምራው ዳቦ ልትገዛ ወጣች።

«አባዬ፣ እስክመጣ ዓይንህን ጣል አድርግበት» አለችኝ።

ትንሽ ሄዶ ቆመና በእንግሊዝኛ «ልቀጥል?» አለ። ያቺን ያህል አነባለሁ። የጠየቀን ዝም ማለት ነውር መሰለኝ፤ አማትቤ «አዎ» ብዬ ጻፍኩለት።

ሜሮን ተመልሳ ማለቁን ስታይ በደስታ ዘለለች። ዝም ልል ነበር። ግን ሰኞ በሰው ፊት ቢቆምባትስ? ነገርኳት።

«ውይ አባዬ! ፈተናው እኮ ያለ ሰው መጨረሱ ነው!» ብላ ሳቀችና ግንባሬን ሳመችኝ። ጥያቄውን ከስክሪፕቱ አውጥታ፣ የተጫነውን ከሰርቨሩ ላይ አጥፍታ፣ እንደገና አስጀመረችው። «በል አሁን እጅህን ጋቢው ውስጥ!»

ማንንም ሳይጠይቅ ጨረሰ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ አታፍርም።

እናቷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ወጥ ላይ ጨው ስትጨምር እንኳ «ይብቃ?» ትለኝ ነበር። ሁለተኛው ሙከራ ሲሄድ፣ አንዴ እንኳ በጠየቀኝ እያልኩ ነበር የማየው...