አልጋ ላይ የተቀመጠችው ባርኔጣና የተቆረጡት አራት ደቂቃዎች

ይድረስ ለክቡር አቶ ፕሬስኮት ሄይል፣ የኮርሊ ስፕሪንግስ ከተማ የቅርስና የፊልም ጉባኤ ሊቀ መንበር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። የአሪዞና ሐምሌ ከሎስ አንጀለስ ለመጣ ሰው እንደማይመች ስለማውቅ፣ የቢሮዎ ማቀዝቀዣ አንዲት ሰዓት እንኳ እንዳይቋረጥብዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ኔልዳ ክራምፕ እባላለሁ፤ በከተማችን ሲኒማ ቤት የቲኬት መሸጫ መስኮት ሠላሳ ስምንት ዓመት የተቀመጥኩ ጡረተኛ ነኝ። ከሠላሳ ሦስት ዓመት በፊት እዚሁ በከተማችን የተሠራውን «የሞውሪ ጉድጓድ» የተባለ የካውቦይ ፊልም ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስላሳዩን ላመሰግንዎ ብዕሬን አንሥቻለሁ። ምስጋናዬ ስለበዛ በቁጥር ከፋፍዬዋለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ማስታወቂያው አመሰግናለሁ። ከፊልሙ ፎቶግራፎች ሁሉ አልጋ ላይ የተቀመጠች ባርኔጣ የምትታይበትን መርጠው፣ ከሥሯ «እንኳን ወደ ቤትዎ መጡ» ብለው አሳትመው፣ በየሆቴሉ በር አስለጠፉ። ክቡር ሆይ፣ እኛ ዘንድ ካውቦይ ባርኔጣውን አልጋ ላይ አያስቀምጥም፤ ያስቀመጠ እንደሆነ ሞትን ወደ ቤት ጠራ ይባላል። እናቴ በዚሁ ጉዳይ አባቴን አንድ ቀን ከነእራቱ ወደ ጋጣ አባራዋለች። እርስዎ እንግዳ ነዎትና ባያውቁ አይፈረድብዎትም፤ ሆኖም የቢሮዎ ሠራተኞች ሊነግሩዎ ሲሞክሩ «የአሮጊት ወሬ አታምጡብኝ» ብለው እንደመለሷቸው ሰምቻለሁ። ከሞንታና የመጡ ሁለት የፈረስ ነጋዴዎች ሥዕሉን በር ላይ ሲያዩ «እዚህ ቤት ደግሞ ማን ሊሞት ነው?» ብለው ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ጎረቤት ከተማ ሄደዋል። እንግዳ አቀባበልዎ ሠምሯል።

ሁለተኛ፦ በመክፈቻ ንግግርዎ «ማንም የማያውቃቸው አሮጌ ተዋናዮች» ስላሉ አመሰግናለሁ። እውነትዎን ነው፣ ማንም አያውቃቸውም። ኦርቪል ታኬት ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሌሎች ሰዎች ፊልም ውስጥ ሲሞት የኖረ ሰው ነው፤ ተተኩሶበት ከጣሪያ ወድቋል፣ ከሠረገላ ተወርውሯል፣ የመጠጥ ቤት መስኮት በጀርባው ሰብሮ ወጥቷል። ሉኤላ ማርሽ ደግሞ ዕድሜዋን በሙሉ ለቆንጆዎቹ በር ስትከፍት የኖረች ናት። እሱ ሃምሳ ስምንት፣ እሷ ስድሳ ሲሞላቸው አንድ ደፋር አዘጋጅ ተነሥቶ ፊልሙን በሙሉ ለሁለቱ ሰጣቸው። ታሪኩ የአንድ ሽማግሌ ሸሪፍ ነው፤ የከተማውን የውኃ ጉድጓድ ከሚቀሙ ሰዎች ጋር ብቻውን ሊጋፈጥ ይሄዳል፤ እንደማይመለስም ያውቃል። ፊልሙ ባለቀለም ስላልነበረ፣ መልከ መልካም ወጣትም ስለሌለበት፣ በትልልቆቹ ከተሞች በአሥረኛው ቀን ወረደ። እኛ ዘንድ ግን አሥራ አንድ ሳምንት ቆይቷል። ቲኬቱን የሸጥኩት እኔ ነኝና አውቃለሁ።

ሦስተኛ፦ ወደ መቀስዎ ልምጣ። ሸሪፉ ከመሄዱ በፊት ወደ አንዲት ባል የሞተባት ሴት ቤት ይገባል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን ቀርቧል። ኦርቪል ባርኔጣውን ያወልቅና ቀስ ብሎ አልጋው ላይ ያስቀምጣታል። ሉኤላ ታያለች። ሌላ ሴት ብትሆን ዘላ ታነሣት ነበር፤ ሉኤላ እጇን ትዘረጋለች፣ ትመልሳለች፣ ከዚያ ከሁለቱ ሳህኖች አንዱን አንሥታ፣ በሽርጧ ወልውላ፣ ወደ መደርደሪያው ትመልሰዋለች። አንድም ቃል አይነገርም። እኔ እዚህ ቦታ ሲደርስ መስኮቴን ዘግቼ አዳራሹ ጀርባ እቆም ነበር፤ በድርቅ ከብቶቹ ሲያልቁበት ያላለቀሰ ከብት አርቢ እዚያ ጨለማ ውስጥ ሲያለቅስ ሰምቻለሁ። እርስዎ «ምንም የማይካሄድበት አራት ደቂቃ» ብለው ቆርጠው ጣሉት፤ በምትኩም የከንቲባውን ሰላምታ ቀጠሉበት። ፎቶግራፉን ለበር ማስጌጫ ወስደው፣ ትዕይንቱን ራሱን ማጥፋት የሚችል ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። ተናድጃለሁ፤ ይህን በትሕትና የምልበት ቋንቋ አጥቻለሁ።

አራተኛ፦ ከፊልሙ በኋላ እዚሁ ከተማችን የቀረው ኦርቪል አዳራሹ ውስጥ ነበር። ይህን አያውቁም፤ አልጠሩትም፣ አልጠየቁም። ዛሬ ዘጠና አንድ ዓመቱ ነው፤ ሉኤላ ካለፈች ዘጠኝ ዓመት ሆናት። የዓይን ሐኪሙ እስከ መኸር ድረስ ብርሃኑ ፈጽሞ እንደሚጠፋ ስለነገረው፣ ያቺን ትዕይንት አንድ ጊዜ ብቻ በትልቁ ሸራ ላይ ማየት ፈለገ። ከሽማግሌዎች መጦሪያ አውጥቼ ሁለተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጥኩት። «ኔልዳ፣ ሉኤላ ሳህኑን ልታነሣ ስትል ጎሸም አድርጊኝ፣ እንዳታመልጠኝ» አለኝ። ሸራው ላይ ከንቲባው መጡ፣ ተናገሩ፣ ሄዱ፤ ወዲያው ሸሪፉ በፈረስ ከሴትዮዋ ደጅ ሲወጣ ታየ። ኦርቪል እጅጌዬን ያዘ።

«ተኛሁ እንዴ?» አለኝ። «የእኛ ቦታ አለፈ? ምነው ሳትቀሰቅሺኝ!»

ሠላሳ ዓመት ስንተራረብ ዋሽቼው አላውቅም። «ትንሽ አሸለብክ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩት። ቆርጠው ጣሉህ ማለት አቃተኝ።

እንግዲህ ልመናዬ አንድ ነው። የተቆረጠው ቁራጭ በቢሮዎ መሳቢያ ውስጥ እንዳለ ሠራተኞችዎ ነግረውኛል፤ የሲኒማ ቤቱ መሣሪያ ሠራተኛም መልሶ ለመቀጠል ሩብ ሰዓት ይበቃኛል ብሏል። በመጪው እሑድ ከሰዓት በኋላ ፊልሙ ሳይጎድል ይታይልን። ንግግር በማድረግ እንዳይደክሙ አደራ እላለሁ።

የጉባኤዎ ጥበብ እንዲህ እየሠፋ ከተማችንን ከነትዝታዋ ቆርጦ እንዳይጥላት እየጸለይኩ፣ ከወንበርዎ ከፍታ አንጻር እጅግ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ኔልዳ ክራምፕ

ማስታወሻ፦ ኦርቪል ይቅርታ እንድጠይቅለት ልኮኛል። ያን ያህል በደከሙበት ዝግጅት ላይ እንቅልፍ ስለወሰደው በጣም አፍሯል። ይቅር ብለውት እንደሆነ በቶሎ ያሳውቁኝ፤ በየቀኑ ይጠይቀኛል።